ለአፍ ዳገት የለውም

«እንጦጦን ሮጥከው አሉ!» ለሚለኝ ሁሉ «አዎ፣ ሮጥኩት» እላለሁ። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ ጫካ ለጫካ፣ በአርባ ስምንት ዓመቴ። አብሮኝ ከሮጠው ጓደኛዬ ምን ደብቄ እንደሮጥኩ ግን ለማንም አልነገርኩም። እናቱ ሞታ ነበር። እኔ አውቃለሁ፤ እሱ አያውቅም።

እኔ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ የነበረበት ቤት ከፈረሰ ወዲህ በሰው ሱቅ ጥግ አንዲት ማሽን አስቀምጬ ነው የምሠራው፤ ግማሹ ደንበኛዬ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ተበትኗል፣ ግማሹ እስካሁን እየፈለገ ይመጣል። ጓደኛዬ አምስት ኪሎ አጠገብ ሒሳብ ያስተምራል። አፍንጮ በር በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ተጋርተን አሥራ ሰባት ዓመት ኖረናል። ትውልዱ ማይጨው ነው፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላው መጥቶ እዚህ ከተወለድነው ከእኛ በላይ አራዳ ሆኗል። ትግርኛው የሚወጣው ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ብቻ ነው። «ኣደይ» ሲል ያን ሁሉ ተማሪ የሚቆጣበት ድምፁ ቀጥኖ የልጅ ይሆናል፤ እኔም ከግድግዳው ማዶ ሆኜ እስቅበት ነበር።

መንገዱም ስልኩም በተዘጋ ጊዜ ግን አልሳቅኩም። ያን ጊዜ ትኑር ትሙት ሳያውቅ ነው የከረመው። ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ በሩን ይዘጋል፣ በቃ። መስመር ተከፍቶ ድምጿን የሰማ ቀን ግቢው በሙሉ ነው እልል ያለው። እኔም አልቅሻለሁ፣ ምን አፍራለሁ።

ሩጫውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ «ስኳርህ ጫፍ ላይ ነው፣ ወይ ተንቀሳቀስ ወይ መድኃኒት ጀምር» ሲለኝ ደንግጬ ለእሱ ነገርኩት፤ እሱም «ነገ ጠዋት ተነስ» አለኝ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ገና መንገዱ በታክሲ ሳይሞላ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ተነስተን ቸርችልን ሽቅብ እስከ ፒያሳ እንሮጣለን። ከታች ስንነሳ እኔ አወራለሁ፤ ስለ ደንበኛ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ እንዴት እንደሚያንሸራትት። ዳገቱ መሃል ስንደርስ ድምፄ ይጠፋል። ያን ጊዜ ዞር ብሎ «በል አውራ እንጂ! ለአፍ ዳገት የለውም አይደል?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ አፌ ከእግሬ ቀድሞ ያልደረሰበት ቦታ የለም።

እንዲህ ስንል ወራት ሄዱ። የእንጦጦው የግማሽ ማራቶን ሩጫ ምዝገባ ሲመጣ ሁለታችንም ተመዘገብን። እኔማ ጉራዬን ለሰፈሩ ሁሉ ነዛሁ። ማሽኔ ላይ ቁጭ ብዬ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ሁሉ «እንጦጦን ልሮጠው ነው» እላለሁ። ቁልፍ ቀራጩ ጎረቤቴ «ቃሬዛ ከፊትህ ይሂድ ከኋላህ?» እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ።

ሩጫው ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው እህቱ ከማይጨው ደወለችለት። «ኣደይ ትንሽ ደከም ብላለች» አለችው። በማግስቱ ፒያሳ ባንኮኒ ላይ ቆመን ማኪያቶ ስንጠጣ ነገረኝ። የሰኞውን አውሮፕላን ይዞ መቀሌ፣ ከዚያም በመኪና ማይጨው ሊገባ አስቧል፤ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቋል። «ሩጫው ግን ይቀርብኛል» አለና አየኝ።

እዚህ ላይ ነው ምላሴን ማኪያቶው ባቃጠለው የምለው። «ሳምንት ምን አላት?» አልኩት። «በዕድሜዋ ማን አይደክምም? ሮጠህ፣ ሜዳሊያህን ይዘህ ሄደህ አንገቷ ላይ አጥልቅላት። ደስታው ራሱ ያድናታል!» ደግሜ ደጋግሜ ወተወትኩት። ለእሱ አስቤ እንዳይመስላችሁ። ዳገቱን ብቻዬን ፈርቼው ነው። ያን ሁሉ ጉራ ነዝቼ፣ ብቻዬን ጫካ ውስጥ ቀርቼ መሳቂያ እንዳልሆን ነው። የእኔ እናት ጉለሌ እህቴ ጋ ናት፤ ታክሲ ከያዝኩ በሃያ ደቂቃ እደርሳለሁ። ለእኔ ሳምንት ቀላል ነበረች። እሱም ጥቂት አሰበና «እሺ፣ ልክ ነህ» አለ። ትኬቱን ለሚቀጥለው ሰኞ አዛወረው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሩጫው ዋዜማ፣ የእድራችን ዳኛ ጋሼ ደወሉልኝ። «ማሽንህን ዝጋና እትዬ ቤት ና» አሉኝ። እትዬ የግቢያችን ታላቅ ናቸው፤ ሁላችንንም እንደ ወለዱን ነው የሚቆጡን። ስገባ ሁለቱ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ጠቁሯል።

«የመምህሩ እናት ትናንት ማታ አርፈዋል» አሉኝ ጋሼ፤ «ዛሬ ቀብረዋቸዋል። እህቱ ለእኔ ነው የደወለችው።»

ወገቤን ያዝኩ። በመጀመሪያ ያሰብኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እሱን አይደለም፤ ያችን «ሳምንት ምን አላት» ያልኳትን ቃል ነው። «አሁኑኑ እንንገረው!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በል!» አሉኝ እትዬ። «ግድግዳው ጆሮ አለው።»

«መርዶ እንደ ድንጋይ አይወረወርም፣ ልጄ» አሉ ጋሼ። «አጎቱ ሐዋሳ ነው ያለው፣ ነገ ማታ ይገባል። ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ባለበት፣ እህል ቀምሶ፣ ተኝቶ ባደረበት እንነግረዋለን። ከዚያ ከአጎቱ ጋር በያዘው ትኬት ይሄዳል።»

«ነገ ሩጫ አለን እኮ፣ ጋሼ!»

«ሩጡ። ብታስቀረው ይጠረጥራል። አንተ ብቻ ከጎኑ እንዳትለይ። ስልኩንም በዘዴ ውሰድበት፤ የዘንድሮ ፌስቡክ ከሽማግሌ ቀድሞ ነው የሚያረዳው።»

እትዬ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ፦ «አፍህን ደግሞ! አንተ ነገር ይዘህ አድረህ አታውቅም።»

ለእነሱ ያልነገርኳቸው፣ ባለፈው ሰኞ ሊሄድ የነበረውን ሰው ያስቀረሁት እኔ መሆኔን ነው። አፌ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዘልኝ በዚያች በማትረባ ሰዓት ነው።

አመሻሹ ላይ ወደ ክፍሉ ገባሁ። የሩጫ ጫማውን እያጸዳ ነው። ሶኬቱ ከተበላሸ ሰንብቷልና «ስልክህን ስጠኝ፣ እኔ ጋ ቻርጅ ላድርግልህ» አልኩት። አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ሰጠኝ። «ለኣደይ ነገ ከሩጫው በኋላ እደውልላታለሁ፤ ሜዳሊያዬን በቪዲዮ አሳያታለሁ» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እትዬ ምስር ወጥ በእንጀራ ልከውለት ስለነበር በልቶ ተኛ። እኔ ግን እህል አልወረደልኝም፣ እንቅልፍም አልወሰደኝም።

እሑድ ጠዋት እንጦጦ ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ባሕር ዛፉ መሃል ሰው ተሰብስቦ ይዘላል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ወጣቶቹ ፎቶ ይነሳሉ። ጓደኛዬ የደረት ቁጥሬን በመርፌ ቁልፍ እያያዘልኝ «ምነው ራስህ ማያያዝ አቃተህ?» አለኝ። «ብርዱ ነው» አልኩት። «ልብስ ሰፊ ሆነህ መርፌ ፈራህ?» ብሎ ሳቀ።

አንድ ሰዓት ሲሆን ተለቀቅን። መንገዱ ከዛፍ ወደ ዛፍ በታሰረ ቀይ ጨርቅ ነው የሚታወቀው። የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ወደ ላይ፣ ከዚያ ረጅም ቁልቁለት። መሬቱ ቀይ አፈር ነው፤ ጠጠሩ ከእግር ስር ይሸሻል፣ የባሕር ዛፍ ሥር ጫማ ይይዛል። እሱ እንደ ፍየል ነው የሚወርደው። እኔ በየእርምጃዬ ዛፍ እየያዝኩ፣ ጋሼ «ከጎኑ እንዳትለይ» ያሉኝን እያሰብኩ እከተለዋለሁ። ጠባቂ ተብዬ የተላክሁት እኔ፣ የሚጠበቀው እኔ ሆንኩ፤ በየመታጠፊያው ቆሞ ይጠብቀኛል።

አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውሃ ጠጥተን ትንሽ በእግራችን ስንሄድ «ቀሚሱን ጨረስከው?» አለኝ።

ለእናቱ ቀሚስ እየሰፋሁላት ነበር። ልኩን እህቱ በስልክ ነግራኝ፣ ጨርቁን አብረን መርጠን።

«ጨርሻለሁ» አልኩ።

«ጠበብ ማድረግ ሳይኖርብህ አይቀርም። ከስታለች አሉኝ።»

«እዚያው ያጠቡላታል» አልኩና አንገቴን ደፋሁ። የሰው ልጅ እንዴት ያለ ውሸታም ነው! አንዲቷን ውሸት ለመሸፈን አሥር ትወልዳለህ። እንባዬ ከላቤ ጋር ወረደ፤ ላብ ጥሩ ነገር ነው፣ ማንም አያውቅብህም።

ጅረቷን ከተሻገርን በኋላ ትልቁ ዳገት መጣ። ሯጮች ሁሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በእግር ነው የሚወጡት። አየሩ ሳስቷል፤ ደረቴ እንደ ወንፊት ነው፣ የማስገባው ሁሉ ይፈሳል። «አንተ ሂድ፣ እኔ እደርሳለሁ» አልኩት፤ እንዳልለየው መታዘዜንም ረሳሁ። እሱ ግን አልሄደም። ከጎኔ ሆኖ አንድ እርምጃ ስራመድ አንድ ይራመዳል። ዳገቱ መሃል ላይ ቆመ።

«ስማ» አለኝ። «ከጠዋት ጀምሮ አላወራህም።»

«ትንፋሽ የታለና!»

«ቁልቁለቱም ላይ አላወራህም። ታክሲ ውስጥም አላወራህም። አንተ ታክሲ ውስጥ ሳታወራ ቀርተህ ታውቃለህ?» ፊቴን ትኩር ብሎ አየው። «ስልኬም አንተ ጋ ነው።» ከዚያ ቀስ ብሎ «እናቴ ደህና ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት» አልኩ።

«እናትህ ትሙት በለኝ።»

እኛ ሰፈር ይህ እርግማን አይደለም፤ መሐላ ነው። በቀን ሃያ ጊዜ እንባባለዋለን። አሥር ሳንቲም ለማያወጣ ወሬ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ሰው ጫማ ዋጋ፣ እናትህ ትሙት፣ እናቴ ትሙት ስንል ነው የምንውለው። በእሱ እናት እኔ ስንት ሺህ ጊዜ ምያለሁ! ነገር ግን በቆመ ሰው ነው «ይሙት» ተብሎ የሚማለው። በሞተ ሰው ማን ይምላል?

«እኔ ልሙት፣ ደህና ናት» አልኩ።

«አንተን አልጠየቅኩህም» አለ። ድምፁ ቀጠነ። «እናትህ ትሙት በል። አንዴ ብቻ በለኝና እንሂድ።»

አላልኩም። እሱም እዚያው የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ላይ ተቀመጠ። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አልጮኸም። ከኋላ የሚመጡት ሯጮች የደከመው መስሏቸው ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ ያልፋሉ። «አይዞህ! በርታ! ደርሰሃል!» አንዲት ልጅ ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ሄደች።

«መቼ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ዓርብ ማታ።»

«ቀበሯት?»

«ትናንት።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ጋሼ። እትዬ። አጎትህ ዛሬ ማታ ይገባሉ። ነገ ጎህ ሲቀድ ሊነግሩህ ነው።»

«ምስር ወጡ ለዚህ ነው የተላከው» አለና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ባለፈው ሰኞ ብሄድ ኖሮ አራት ቀን አብሬያት እሆን ነበር። ሳምንት ምን አላት አልከኝ። አይደል?»

በቁጣ ቢለው፣ በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሒሳብ እንደሚያስተምር ሰው ነው የተናገረው፣ ቀን ቆጥሮ። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አልኩት። «ብቻዬን ፈርቼ ነው። እግርህ ላይ ልውደቅ።» ልወድቅም ጎንበስ አልኩ። ተነሳና ትከሻዬን ይዞ አቆመኝ።

«እንዳወቅሁ እንዳትነግራቸው» አለ። «አጎቴ በዚያ ዕድሜው ከሐዋሳ ድረስ እየመጣ ነው። ጋሼ ሌሊት ተነስተው ሊመጡ ነው። ሽማግሌ አላሳፍርም።» ከዚያ ሮጠ። ዳገቱን በእግሩ የሚወጣውን ሁሉ እያለፈ፣ ወደኋላ ሳይዞር ወጣ። ነጭ ካናቴራው በዛፎቹ መሃል ትንሽ ጊዜ ታየኝ፤ በኋላ ጠፋ።

የቀረውን ሰባት ኪሎ ሜትር ብቻዬን ሄድኩት። ያን የፈራሁትን ብቸኝነት፣ ሰው አስቀርቼ ልሸሸው የፈለግሁትን፣ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ፣ መዳፌ ተላጠ፣ አንድ ጊዜም የመንገዱን ቀይ ጨርቅ ስቼ ከእረኛ መንገድ ገብቼ ተመለስኩ። ስጨርስ ሰዎቹ ባንዲራውን ማውረድ ጀምረው ነበር። እሱ ከመኪናዎቹ አጠገብ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ሜዳሊያው አንገቱ ላይ የለም። ስልኩን ሰጠሁት፤ ሳይከፍተው ኪሱ ከተተው።

ያን ቀን ያደረገውን እኔ ማድረግ አልችልም። እትዬ ጋ ገብቶ ምሳ በላ። «ዳገቱ እንዴት ነበር?» ሲሉት «ከባድ ነበር፣ እትዬ» አላቸው። ማታ አጎቱ «ለሥራ መጥቼ ነው» ብለው ሲገቡ አቅፎ ሳማቸው፤ አልጋውን ለቆላቸው መሬት ላይ ተኛ። እኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ጆሮዬን ብቀስርም አንዲት ሳግ እንኳ አልሰማሁም።

ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ፣ እትዬ፣ ሦስት የእድር ሰዎችና እኔ በሩ ላይ ቆምን። አጎትየው ከውስጥ ከፈቱልን። እሱ ልብሱን ለብሶ ቁጭ ብሏል። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጄ፣ በዚህ ሰዓት የመጣነው ለደግ አይደለም። ሁላችንም የማንቀርበት መንገድ ነው፤ እናትህ ቀድመውናል» አሉት። እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ፣ እያንዳንዷን አዲስ እንደሆነች ሁሉ አዳመጣቸው። ከዚያ ያ ሁሉ የያዘው ወጣ። «ኣደይ! ኣደይ!» እያለ ደረቱን ሲመታ አራት ሰው ነው የያዘው። ማስመሰል አልነበረም። ከዚያ በፊት ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ሁለተኛም አያሳየኝ።

ሲበርድለት ፍራሹ ላይ አስቀመጡት። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንባቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ልጅ ባይኖር ክፉ ወሬ በመንገድ ያገኘው ነበር» አሉ ለአጎትየው። «ሁለት ቀን ሙሉ ከጎኑ ሳይለይ፣ እዚያ ጫካ ድረስ ተከትሎ ጠብቆ አቆየልን። እናትህን ያቆይልህ፣ ልጄ!»

«አሜን» አሉ ሁሉም። አጎትየው ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ።

ጓደኛዬ ከፍራሹ ላይ ቀና አለ። ዓይኑ ደም መስሏል።

«አዎ» አለ። «ያቆየኝ እሱ ነው።»

ሽማግሌዎቹ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ ግን እኔን እያየኝ ነበር፤ ምን እንዳለ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።